ለሲኩ ልጅ ኪርፓን ተፈቅዶ ለእኔ ልጅ ሰንጢ ለምን ተከለከለ?

ጥያቄው የቀረበው ከቶሮንቶ አጠገብ በምትገኘው በብራምፕተን ከተማ ከሚኖሩ እናት ነው። የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው በቁልፍ መያዣ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ሰንጢ በቦርሳው ውስጥ ስለተገኘበት ለሁለት ቀን ከትምህርት ታግዷል። በዚያው ክፍል የሚማር አንድ የሲክ እምነት ተከታይ ልጅ ግን በልብሱ ሥር «ኪርፓን» የሚባል ጩቤ ታጥቆ እንደሚመጣ ልጃቸው ነግሯቸው፣ ርዕሰ መምህሯን ሲጠይቁ «እናውቃለን፣ የተፈቀደ ነው» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል። «ሃይማኖት ከሆነ የእኛም ልጆች ማተብ ያስራሉ፤ ማተብ ግን ማንንም አይወጋም። አንድ ትምህርት ቤት ለአንዱ ስለት ፈቅዶ ሌላውን በስለት ይቀጣል? የልጄስ ደህንነት እንዴት ይጠበቃል?» ይላሉ ጠያቂዋ።

የተከበሩ እናት፣

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ጊዜ የማይሰጠውን ላስቀድም። በኦንታሪዮ የትምህርት ሕግ መሠረት ወላጅ በልጁ እገዳ ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ በመደበኛው እገዳ ይግባኝ እንደሚሉ በጽሑፍ ማሳወቅ ያለብዎት እገዳው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 10 የትምህርት ቀናት ውስጥ ነው። እገዳው የተጣለው ተማሪውን እስከ ማባረር ሊያደርስ በሚችል ጥፋት ምርመራ ምክንያት ከሆነ ግን የይግባኙ ጊዜ ከዚህ ያጠረ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ የደረሰዎትን ደብዳቤ ዛሬውኑ አውጥተው በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈና የትኛውን ቀን እንደሚጠቅስ ይመልከቱ።

ርዕሰ መምህሯ «የተፈቀደ ነው» ያሉዎት ከራሳቸው ደግነት ወይም ከቸልተኝነት የመነጨ አይደለም። እርስዎ በሚኖሩበት በፒል አውራጃ የነበረው የትምህርት ቦርድ ኪርፓንን ከትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ የሚያግድ ፖሊሲ አውጥቶ ነበር። አንድ የሲክ መምህር አቤቱታ አቅርቦ፣ በኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ሕግ የተቋቋመው አጣሪ ቦርድ በ1990 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፖሊሲው በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት የክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሯ ልከልክል ቢሉ እንኳ አይችሉም። ይሁንና የተሰጠው ፈቃድ ልቅ አልነበረም፤ ታጣቂው የተጠመቀ ሲክ እንዲሆን፣ ኪርፓኑ መጠኑ ያልተጋነነ እንዲሆን፣ ከልብስ ሥር ሆኖ እንዳይታይ፣ ከአፎቱ በቀላሉ እንዳይመዘዝ ሆኖ እንዲታሰርና ርዕሰ መምህሩም ይህ ሁሉ መፈጸሙን የማረጋገጥ መብት እንዲኖረው በግልጽ ተደንግጓል። ርዕሰ መምህሯ ይህን ቢነግሩዎት ኖሮ ግማሹ ሥጋትዎ በዚያው ይቀል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በሦስት ቃል መልስ ወላጅን መሸኘት ሕግን ማክበር ቢሆንም ወላጅን ማክበር ግን አይደለም።

ኪርፓን ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። የሲክ እምነት 10ኛው መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 በአናንድፑር ኻልሳ የሚባለውን የተጠመቁ አማኞች ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው አምስት ነገሮችን ከሰውነቱ እንዳይለይ ታዘዘ ይላል ትውፊታቸው፤ እነርሱም ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አንባር፣ የጥጥ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን ናቸው። የጉሩው አባት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1675 በሙጋል ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ዘመን ደልሂ ላይ አንገታቸውን ተሰይፈዋል፤ ሲኮች እስከ ዛሬ የሚያስቧቸውም ለራሳቸው እምነት ብቻ ሳይሆን ለካሽሚር ሂንዱዎች የእምነት ነፃነት ሲሉ እንደሞቱ ሰማዕት ነው። ኪርፓን ለአማኙ የተበደለን የመታደግ ግዴታ ምልክት የሚሆነው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ማብራሪያው ኪርፓን መታጠቅ የሲክ እምነትን የመከተል አካል ተደርጎ እንደሚቆጠር በስም ጠቅሶ ይደነግጋል። ሲክ ሁሉ ኪርፓን ይታጠቃል ማለት ግን አይደለም፤ ግዴታው ያለባቸው የተጠመቁት ናቸው፤ ለእነርሱም ሌሊት ይሁን ቀን፣ ቤት ይሁን ትምህርት ቤት፣ አይወልቅም።

የካናዳ ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ የቆመበትን መሠረት ለመረዳት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በ2006 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነው የሙልታኒ መዝገብ ስለሆነ፣ እርሱን ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር 2001 በሞንትሪያል፣ ላሳል በሚባለው ሰፈር ነው። የ12 ዓመት የሲክ ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሳለ በልብሱ ሥር የነበረው ኪርፓን ሳያስበው መሬት ወደቀ። የትምህርት ቦርዱ መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ አስተዋይነት የተሞላበት ነበር፤ በቀጣዩ ወር ለወላጆቹ በጻፈው ደብዳቤ ኪርፓኑ በልብሱ ውስጥ ታሽጎ እስከተያዘ ድረስ ልጁ መታጠቅ እንደሚችል ገልጾ ቤተሰቡም ተስማማ። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቦርድ ግን «መሣሪያና አደገኛ ዕቃ ክልክል ነው» የሚለውን የትምህርት ቤቱን ደንብ ጠቅሶ ስምምነቱን ሻረው፤ የበላዩ የኮሚሽነሮች ጉባኤም ሽረቱን አጽንቶ፣ ልጁ ኪርፓን የሚመስል የአንገት ጌጥ ወይም ጉዳት ከማያደርስ ነገር የተሠራ ምስል ቢይዝ እንደሚፈቅድለት አሳወቀ። ልጁ ይህን ሊቀበል አልቻለም፤ እምነቱ ከብረት የተሠራውን ኪርፓን ያዝዛልና። ክርክሩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ለቅቆ ወደ ግል ትምህርት ቤት ገባ።

የኩቤክ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ2002 ልጁ ኪርፓኑን እንዲታጠቅ የፈቀደባቸውን ሁኔታዎች ልብ ብለው ይመልከቱልኝ፤ የጥያቄዎ መልስ አብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኪርፓኑ ከእንጨት በተሠራ አፎት ውስጥ ይገባል፤ ብረት የሆነ አፎት አይፈቀድም። አፎቱ ከነኪርፓኑ በጠንካራ ጨርቅ ተጠቅልሎ ዙሪያውን ይሰፋል፤ ያ የተሰፋ ጥቅል ደግሞ በትከሻ ላይ ከሚያልፈው ማንገቻ ጋር ተያይዞ ይሰፋና ሁሉም ከልብስ ሥር ይውላል። ትምህርት ቤቱ ይህ መፈጸሙን በአግባቡ እየተመለከተ ማረጋገጥ ይችላል። ልጁ ኪርፓኑን ከሰውነቱ ሊለየው አይችልም፤ ከጠፋበት ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ከእነዚህ አንዱን ቢጥስ መብቱን ያጣል። ይህን በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉት፤ በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተሰፋ ኪርፓን ያነገተ ልጅ ስለቱን ለማውጣት ቢፈልግ ሸሚዙን ገልጦ፣ ጥቅሉን ፈልጎ፣ ስፌቱን በአንድ ነገር መተርተር አለበት፤ ለመተርተሪያ ደግሞ መቀስ ያስፈልገዋል። መቀሱ ግን በየተማሪው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይሸፈንና ሳይሰፋ፣ ማንም ሳይጠይቅበት ተቀምጧል።

የኩቤክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2004 ይህን ፈቃድ ሻረ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2 ቀን 2006 በሰጠው ውሳኔ፣ በመዝገቡ ላይ የተሰየሙት ስምንቱም ዳኞች ክልከላው ሊጸና እንደማይገባ ተስማሙ፤ በምክንያቱ ግን ተለያይተዋል። የአብዛኞቹን አስተያየት የጻፉት ዳኛ ሉዊዝ ሻሮን ሲሆኑ፣ የተመሠረቱትም በ1982ቱ የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተር አንቀጽ 2 ላይ በሰፈረው የእምነት ነፃነትና ይህን መብት መገደብ የሚቻልበትን መለኪያ በሚያስቀምጠው አንቀጽ 1 ላይ ነው። በመለኪያው መሠረት የትምህርት ቤት ደህንነት እጅግ አስፈላጊ ዓላማ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ኪርፓንን መከልከልም ከዚህ ዓላማ ጋር ግንኙነት አለው። ቦርዱ የወደቀው በሚቀጥለው ደረጃ ነው፤ መብቱን በጥቂቱ ብቻ ነክቶ ዓላማውን የሚያሳካ መንገድ እያለ ሙሉ በሙሉ መከልከልን መረጠ።

ፍርድ ቤቱ ከመረመራቸው መከራከሪያዎች መካከል አንዱ የእርስዎው ነው። የትምህርት ቦርዱ «ለእርሱ ከተፈቀደ ሌሎች ተማሪዎች አድልዎ እንደተደረገባቸው ይሰማቸዋል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ፣ አንዳንድ ተማሪዎች ይህን ፍትሕ የጎደለው አድርገው ቢያዩት፣ የትምህርት ቤት ግዴታ የልጁን መብት መንጠቅ ሳይሆን ለሌሎቹ ስለ መቻቻልና ስለ እምነት ነፃነት ማስተማር ነው የሚል ነበር። ኪርፓን የዓመፅ ምልክት ነው የሚለውንም ማስረጃ የሌለውና ለአማኞቹ ክብር የማይሰጥ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው።

ደህንነትን በተመለከተ የተቀመጠው መለኪያም ልብ ሊባል ይገባዋል። ትምህርት ቤት እንዲያሟላ የሚጠበቀው ምክንያታዊ የሆነ ደህንነት ነው፤ ከማናቸውም አደጋ ፍጹም ነፃ የሆነ ደህንነት አይደለም። ፍጹም ደህንነት ቢፈለግ በየበሩ የብረት መፈተሻ ማቆም፣ መቀሱን፣ ኮምፓሱንና የቤዝቦል ዱላውን ሁሉ ማውጣት ይገባ ነበር፤ ይህን ግን ማንም ወላጅ አይጠይቅም። ጥያቄው እንግዲህ «ስለት አለ ወይስ የለም?» የሚል ሳይሆን፣ «ያለው ስለት የሚያመጣው አደጋ በማናቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ በየዕለቱ ከምንቀበለው የበለጠ ነው ወይ? ከበለጠስ በቅድመ ሁኔታ ሊቀነስ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። አውሮፕላንና ችሎት በተለየ መንገድ የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አውሮፕላን ላይ የሚገናኙት ለጥቂት ሰዓታት አብረው የሚሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ በትምህርት ቤት ግን መምህሩ ልጁን፣ ጠባዩንና ቤተሰቡን በዓመታት ያውቀዋል፤ ችግር ሲጀምርም ያየዋል።

አሁን ወደ ማተቡ ልምጣ። ማተብ አይወጋም ማለትዎ ትክክል ነው፤ ፍርድ ቤቱም ኪርፓንን እንደ ማተብ ወይም እንደ መስቀል ምንም ጉዳት የሌለው ዕቃ አድርጎ አላየውም፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁሉ የተደረደሩት ስለማይመሳሰሉ ነው። የሚመሳሰሉት በአማኙ ዘንድ ባላቸው ቦታ ነው። ማተቡን እንዲበጥስ የታዘዘ ክርስቲያን «ምስሉን በወረቀት ሥለህ ያዝ» ቢባል ምን እንደሚሰማው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለሞንትሪያሉ ልጅ የቀረበለት የአንገት ጌጥ ይህ ነበር። በካናዳ ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤት የአንድን ሃይማኖት ሥርዓት ትክክለኛነት አይመዝንም፤ አማኙ ከልቡ የሚያምነው መሆኑንና ክልከላው እምነቱን ከላይ ከላይ ሳይሆን በእውነት የሚነካ መሆኑን ነው የሚያጣራው። ሌሎች ሲኮች በፕላስቲክ ኪርፓን ረክተው መኖራቸው ለዚህ ልጅ መልስ አልሆነም። የልጅዎ ሰንጢ በአንጻሩ የሚጠብቀው የእምነት ግዴታ የለውም፤ ስለሌለው ትምህርት ቤቱ ሰንጢውን ሲከለክለው ከዕቃው በቀር ከልጅዎ የወሰደው ነገር የለም። እኩልነት ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ማለት ቢሆን ኖሮ፣ ደንብ የሚወጣው ሁልጊዜ በብዙኃኑ ልማድ ልክ ስለሆነ፣ በዚህ አገር ጥቂቶች የሆንነው እኛም ጭምር ብዙ በተጎዳን ነበር።

ከእርስዎ ልደብቀው የማይገባ ሌላ እውነት አለ። የካናዳው ፍርድ ቤት ከተመረኮዘባቸው ነጥቦች አንዱ፣ ሲኮች በካናዳ ትምህርት ቤቶች መማር ከጀመሩ ወዲህ ባለፉት መቶ ዓመታት ኪርፓን በትምህርት ቤት ለዓመፅ ውሎ የተመዘገበ አንድም ክስተት አለመኖሩ ነበር። በግንቦት 2021 ግን በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ የ16 ዓመት ተማሪን በትምህርት ቤት ውስጥ በኪርፓን ወጋ። የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት በዚያው ወር ኪርፓንን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አገደ፤ ከሲክ ማኅበረሰቡ ጋር ከተነጋገረ በኋላም በነሐሴ እገዳውን አንሥቶ፣ ኪርፓኑ ትንሽ እንዲሆን፣ ስለትም ሹል ጫፍም እንዳይኖረው፣ በወፍራም ጨርቅ ታሽጎ ከልብስ ሥር እንዲውል የሚያዝዝ መመሪያ አወጣ። «ሆኖ አያውቅም» የሚለውን መከራከሪያ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠቀምበትም፤ ለተጎዳው ልጅም ክብር ይገባዋል። መብቱን የሚያቆመው ስፌቱ ነው እንጂ የመቶ ዓመቱ መዝገብ አይደለም። ልጁ ጨዋ መሆኑን ስለሚያውቅ ብቻ ስፌቱን ሳይመለከት የሚያልፍ ርዕሰ መምህር፣ የሌሎቹን ልጆችም ሆነ የሲኩን ልጅ ለአደጋ አጋልጧል፤ አንድ ጉዳት ቢደርስ መብቱ የሚነጠቀው ከሲክ ልጆች ሁሉ ነውና።

ሌሎች አገሮች የሄዱባቸው መንገዶች ይለያያሉ። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ሊቪንግስተን ከተማ በተነሣ ክርክር የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1995 የሦስት ሲክ ልጆችን መብት አስከብሯል፤ ቅድመ ሁኔታዎቹም የደነዘዘ ስለት፣ ከአፎቱ ጋር በጥብቅ መሰፋትና ከልብስ ሥር መሆን ነበሩ። በእንግሊዝ ሕጉ ራሱ ስለትን በትምህርት ቤት መያዝን ወንጀል ሲያደርግ፣ በሃይማኖት ምክንያት መያዝን እንደ መከላከያ ይቀበላል። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ሕግ ደግሞ በተቃራኒው ሃይማኖት ስለትን በትምህርት ቤት ለመያዝ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግግ ነበር፤ በ2023 የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህ ድንጋጌ ከፌዴራሉ የዘር መድልዎ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። ፈረንሳይ ኪርፓኑ ቀርቶ የሲክ ተማሪ የራስ መሸፈኛ ጨርቅ እንኳ በ2004ቱ ሕግ እንዳይደረግ ስለከለከለች አንድ ተማሪ ተባርሮ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በ2012 መብቱ ተጥሷል ብሏል። በእነዚህ አገሮች ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች የካናዳውን ውሳኔ ለሌላ አገር እንደ ሕግ እንዳይጠቅሱት አደራ እላለሁ።

ወደ ልጅዎ እገዳ ስመለስ፣ የኪርፓኑ መፈቀድ ለይግባኝዎ ምክንያት አይሆንዎትም፤ ይህን ይዘው ቢቀርቡ በጥቂት ደቂቃ ውድቅ ይደረጋል። ጠንካራው መከራከሪያዎ ሌላ ነው። በካናዳ የወንጀል ሕግ ትርጉም አንድ ዕቃ «መሣሪያ» የሚባለው ለመጉዳት ወይም ለማስፈራራት ሲውል፣ ለዚያ ሲሠራ ወይም ለዚያ ሲታሰብ ነው፤ የትምህርት ቤት ቅጣት በዚህ ትርጉም ብቻ አይታሰርም፤ ነገር ግን ሰንጢውን ለማን አሳየ፣ ማንን አስፈራራ፣ ከቦርሳው አውጥቶታል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ክብደት አላቸው። የኦንታሪዮ ደንብም ርዕሰ መምህር ከመቅጣቱ በፊት የልጁን ዕድሜ፣ የቀድሞ ጠባዩን፣ ቅጣቱ በትምህርቱ ላይ የሚያመጣውን ጉዳትና ከእገዳ በፊት ቀላል እርምጃ ተሞክሮ እንደሆነ እንዲያገናዝብ ያዝዛል። እነዚህ መገናዘባቸውን በደብዳቤው ላይ ካላገኙ በይግባኙ ላይ በስም እየጠቀሱ ይጠይቁ። እገዳው ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ አልፏል ብለው አይተዉት፤ በልጅዎ የትምህርት መዝገብ ላይ የሚቀመጠው «መሣሪያ በመያዝ» የሚለው ቃል ነው።

ስለ ክፍል ጓደኛው ደግሞ ርዕሰ መምህሯን በድጋሚ ቢያነጋግሩ መልካም ነው። የልጁን የግል ጉዳይ ሊነግሩዎት አይችሉም፤ የቦርዱን የኪርፓን መመሪያ ግን ሊሰጡዎት ይገባል። ኪርፓን እንዴት እንዲታሰር እንደሚታዘዝ፣ በስፖርት ሰዓት ምን እንደሚደረግ፣ ማን በየስንት ጊዜው እንደሚያረጋግጥ መጠየቅ መብትዎ ነው። ማረጋገጫ የለም ካሉዎት ቅሬታዎን ለቦርዱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቅሬታዎም «ኪርፓን ይከልከል» የሚል ሳይሆን «ቅድመ ሁኔታው ይፈጸም» የሚል ይሁን። ልጅዎንም ለብቻው ቁጭ አድርገው፣ ጓደኛውን «እስኪ አውጣና አሳየኝ» እንዳይለው፣ ሌሎችም ሲሉት ቢሰማ እንዳይተባበር ይንገሩት። የ12 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ልመና ተሸንፎ ስፌቱን አንድ ጊዜ ቢተረትር፣ ኪርፓኑን ታጥቆ የመማር መብቱን በዚያው ሊያጣው ይችላል።